አዲስ ሃምስተር ገዛን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽቦ ሲያኝክ ያድራል። ምን ይሻላል?

ፍራንክፈርቷ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ውሻ ውሻ ስትል ከረመች። እኛ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ አባቷም እኔም ስራ ውለን ነው የምንገባው፣ ስለዚህ በስንት ክርክር ውሻው ሃምስተር (አይጥ የሚመስል ትንሽ የቤት እንስሳ) ሆነና ለልደቷ ገዛንላት። ወርቃማ ነው፣ የሶሪያ ሃምስተር ይባላል፣ ወንድ ነው ብለውናል። ስሙን ቆሎ ብላዋለች፤ ገና በመጀመሪያው ማታ እፍኝ ሙሉ ጥሬ ጉንጩ ውስጥ ከትቶ ሲሮጥ አይታ ነው።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። አብሮ የተሸጠልን ኬጅ ከስሩ ሮዝ ፕላስቲክ፣ ከላይ ሽቦ፣ ጎኑ ላይ ባለቀለም ቱቦ ያለው፣ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። 46 በ30 ሴንቲ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ የሃምስተር ፎቶ አለበት፣ ለሱ የተሰራ ነው ማለት ነው አይደል? ግን እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሽቦውን ሲያኝክ ነው የሚያድረው። ክርርር ክርርር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤትም ሳይሰማው አይቀርም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከጎጆው አውጥታ ልታቅፈው ስትል ጣቷን ነከሳት። ደም ወጣ። አሁን ፈርታዋለች፣ እሱም ፈርቷታል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶ ነው፣ ይርበዋል ወይ? ጓደኛ ብንገዛለት ይረጋጋል ወይ? ከኛ ቤት ምግብ ምን ምን ሊበላ ይችላል? ደግሞ ዳሌው ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ነገር አየሁበት፣ ቁስል መስሎኛል፣ ፀጉሩ ሳስቷል። እናቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ በቪዲዮ ስታየው «አይጥ ገዝታችሁ ነው?» ብላ ስልኩን ልትዘጋብኝ ነበር። እሱን እንኳን እኔ እወጣዋለሁ። እናንተ ስለ ሃምስተሩ ንገሩኝ።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

እህቴ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቆሎ የሚለው ስም ገድሎኛል። እኛ ቤት ልጆቹ ሃምስተር ማሳደግ ከጀመሩ ቆይቷል፣ አሁን ያለችው ሦስተኛዋ ናት።

ዋናውን ልንገርሽ፤ ችግሩ ልጅሽ አይደለችም፣ ቆሎም አይደለም። ቤቱ ነው። ያ ኬጅ ዕቃው ወደ ቤት የመጣበት ካርቶን ነው ብለሽ አስቢው። ሽቦ የሚያኝከው ጥርሱን ሊስል አይደለም፣ መውጣት ፈልጎ ነው። ሃምስተር በተፈጥሮው በአንድ ሌሊት ብዙ መንገድ የሚሄድ፣ መሬት የሚቆፍር እንስሳ ነው። ቱቦና ፎቅ የሚያስደስተው ገዢውን ነው። እንደውም ፎቁ አደገኛ ነው፤ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ከፍታ አይለይም፣ ዝም ብሎ ይራመድና ይወድቃል፣ እግሩ ይሰበራል። ሶፋ ላይም ብቻውን እንዳትተዉት።

ሁለተኛ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ያልሽው። ያ ሰዓት ለሱ እኩለ ሌሊት ነው። ተኝቶ እያለ ጣሪያውን ከፍቶ እጅ የሚሰድድበትን ሰው ይነክሳል፣ እኔም እነክሳለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ሲወጣ ጠብቁት። ልጅሽ ትተኛለች ካልሽ፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ትንሽ አምሽታ ትየው። ሃምስተር ለልጅ ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው፣ ልጁ ሲነቃ እሱ ይተኛል። አሳዳጊዋ አንቺ ነሽ፣ እሷ ረዳት ናት፣ እንደዛ ካሰብሽው ይቀልሻል።

ጓደኛ ግን በፍጹም! በፍጹም አትግዢ። ይገዳደላሉ። ቀልድ አይደለም።

አቶ_ይሁን፦

የናትሽን ሐሳብ እደግፋለሁ። እኛ ሀገር ቤት በወጥመድና በድመት ስናባርረው የኖርነውን ፍጥረት እዚህ በዩሮ ትገዙታላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ቤቱ ጠበበው ትላላችሁ። ልጅቷን መዋኛ አስመዝግቢያት።

ስቶክሆልም_ብርዱ፦

ጋሼ ይሁን መዋኛም ይመዝገቡ ሃምስተርም ይኑራቸው፣ አይጣላም 😄

ፍራንክፈርቷ፣ ወደ ቤቱ ጉዳይ ልግባ፣ የኔ ሙያ ይሄ ነው፣ አናጢ ባልሆንም። ያለሽው ጀርመን ነው፣ እዚያ የእንስሳት ደህንነት ላይ የሚሰራው የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለሃምስተር የሚመክረው ትንሹ ልክ 100 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። ትንሹ ነው ያልኩሽ፣ ከዚያ በላይ ቢሆን ደግ ነው። ፎቅ ደምረው «ጠቅላላ ስፋቱ» የሚሉሽን አትስሚ፣ የሚቆጠረው ሳይቆራረጥ የተዘረጋው ወለል ነው።

አዲስ መግዛት ውድ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ፈልጊ። ሰዎች ዓሣ ማርባት ሲሰለቻቸው የሚሸጡት ትልቅ አኳሪየም አለ፣ ውሃ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ በነጻ ነው የሚሰጡሽ፣ ላንቺ ቢያፈስ ምን ቸገረሽ። ሌላው ሃምስተር ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ የአይኪያ የመስታወት ቁም ሳጥን ነው፣ ዲቶልፍ የሚባለው። በጎኑ ታጋድሚዋለሽ፣ መደርደሪያዎቹን ታወጫለሽ፣ በሩን ትተይና ከላይ በእንጨት ፍሬም የወባ መረብ ሳይሆን ጠንካራ የብረት ወንፊት ትሰሪለታለሽ። ርዝመቱ ከ160 ሴንቲ ያልፋል። ስፋቱ ጠበብ ይላል፣ ግን ርዝመቱ ይክሰዋል። የጉዝጓዙን ክብደት እንዲችል ከስሩ ሙሉ ለሙሉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጪው። ክዳኑ አየር የሚያስገባ ይሁን፤ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ድፍን አድርገሽ እንዳትዘጊው።

ከዚያ ጉዝጓዙ። ሰው ሁሉ የሚያጎድለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጣት የምታክል ሰጋቱራ በትነው ጨረስን ይላሉ። ሃምስተር ዋሻ ቆፋሪ ነው፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ጥልቀት ስጪው። ስዊዘርላንድ፣ ቤርን ላይ ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት አለ፣ ሃምስተሮችን 10 ሴንቲ፣ 40 ሴንቲና 80 ሴንቲ ጉዝጓዝ ላይ አስቀምጠው አወዳደሩ። 10 ሴንቲ ላይ የነበሩት ናቸው ሽቦ አብዝተው ሲያኝኩ የተገኙት። ያንቺን ክርርር የሚገልጽ ነገር ነው። ሙሉውን ቤት ማጥለቅ ካልቻልሽ ግማሹን ጥልቅ አድርጊ፣ ግማሹን ዝቅ አድርገሽ የሚሮጥበትን ጎማና ውሃውን እዚያ አቁሚ።

ጉዝጓዙ ከወረቀት የተሰራ ወይም ሽታ የሌለው፣ አቧራው የተነፋለት የእንጨት ፍቅፋቂ ይሁን። የዝግባና የጥድ ዘር የሆነ፣ በአፍንጫሽ ሲሸትሽ የሚጠነክር ሰጋቱራ ተዪ፣ ሳንባቸውን ያስቸግራል። ላቫንደር የተቀባም አለ፣ እሱ ለባለቤቱ አፍንጫ ነው። ድርቆሽ ደባልቂበት፣ ዋሻው እንዳይናድ ይይዝለታል። ለመኝታው ደግሞ ተራ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት፣ ሽታ የሌለው፣ ቀደድ ቀደድ አድርገሽ ጣይለት፤ ሲሰበስብ ማየት ራሱ ቲያትር ነው። ሱቅ ላይ «የሃምስተር ጥጥ» ብለው የሚሸጡትን ለስላሳ ነገር ግን እንዳትገዢ። ክሩ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል፣ ቢውጡትም አንጀት ይዘጋል።

ጎማው! ከኬጁ ጋር የመጣው የሚሮጥበት ጎማ ትንሽ ነው አይደል? ለሶሪያ ሃምስተር ከ28 ሴንቲ ማነስ የለበትም። በትንሹ ላይ ሲሮጥ ወገቡ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። መርገጫው ድፍን ይሁን፣ የብረት ዘንግ የተደረደረበት ከሆነ እግሩ ይገባበታል።

ፍራንክፈርቷ፦

ኧረ ጎማው 14 ሴንቲ ነው 🙈 አሁን ለካሁት። ባለቤቴ ዲቶልፍ የሚለውን አንብቦ «ሳሎናችን ውስጥ ነው የምታስቀምጪው?» እያለኝ ነው።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

ሳሎን ይሻላል ግን ከቴሌቪዥን ራቅ ይበል። የኛ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ሁሉ ይሰማሉ፣ ስፒከር አጠገብ ካስቀመጥሽው አያርፍም። መስኮት ስርና ማሞቂያ አጠገብም አይሆንም። የልጅቷ መኝታ ቤት ደግሞ አይመከርም፣ በጎማው ድምፅ እሷም አትተኛም።

የእንስሳት_ሐኪም_ረዳት_ሲያትል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ትንንሽ እንስሳት ይመጡልናል፣ ስለዚህ ስለ ጤናው በኩል ልበል።

ዳሌው ላይ ያየሽው ጥቁር ነገር ግራና ቀኝ እኩል ቦታ ላይ ከሆነ ቁስል አይደለም። የሽታ እጢ ነው፣ የሶሪያ ሃምስተር ሁሉ አለው፣ ወንዶቹ ላይ በጣም ይታያል። ግዛቱን በጠረን ምልክት የሚያደርግበት ነው። አንዳንዴ ሲልሰው እርጥብ ይሆናል። ቅባት ቀብታችሁ እንዳትሞክሩ። አንዱ ጎን ብቻ ካበጠ፣ ካደማ ወይም ቅርፊት ከያዘ ግን ይታይ። እንዲሁም ሰው እየደነገጠ ይዞ የሚመጣው ሌላ ነገር አለ፣ «ከጅራቱ ስር እባጭ ወጣበት» ይሉናል። ወንድ ነው ብለውሻል አይደል? እሱ ነው። ሙቀት ሲሆን ጎላ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ሳትደነግጪ እወቂው 😅

የሚያስደነግጠው ተቅማጥ ነው። ከጅራቱ ዙሪያ እርጥብ ከሆነ፣ ሽታ ካለው፣ ከተኮራመተና መብላት ካቆመ፣ ጠዋት አየዋለሁ አትበዪ፣ በዚያው ቀን ውሰጂው። በተለይ ገና ከእናቱ የተለየና ቤት የቀየረ ትንሽ ሃምስተር ላይ ይመጣል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለውሻና ድመት ብቻ የሚሰራ ሐኪም ብዙ ጊዜ «እኛ ይሄን አናይም» ይላል፣ ስለዚህ ሳይታመም ከአሁኑ ደውለሽ አይጥና ጥንቸል የሚያይ ሐኪም የት እንዳለ እወቂ። ሌሊት የሚሰራም ካለ ጠይቂ።

ብርዱንም ልንገርሽ። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ውስጥ ካለ ደስተኛ ነው። ክፍሉ በጣም ከቀዘቀዘ፣ ወደ 5 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ፣ ሰውነቱ በድን ሊሆን ይችላል፣ ትንፋሹ እስኪጠፋ ይቀንሳል፣ ሰው ሞተ ብሎ የሚቀብረው አለ። ከ30 በላይ ደግሞ ሊገድለው ይችላል። ያንቺ ፎቅ በሐምሌ የሚግል ከሆነ አስቢበት፤ የሸክላ ዕቃ ወይም የሴራሚክ ሰሌዳ ቀዝቀዝ ያለ አስቀምጪለት፣ ይተኛበታል።

ገላውን በውሃ እንዳታጥቢው። ገላው የሚጸዳው በአሸዋ ነው። አንድ ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ደቃቅ አሸዋ አድርጊለት፣ አቧራ የሚመስለውን ዱቄት ሳይሆን አሸዋ የሚለውን። ብዙዎቹ ሽንታቸውን እዚያው ይሸናሉ፣ ላንቺም ጽዳቱ ይቀልልሻል።

ፍራንክፈርቷ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ «እባጩ» ቀድመሽ ስለነገርሽኝ በተለይ። ጽዳቱን በየስንት ጊዜ ነው? እናቴ ከመጣች ሽታ ካለ በቃ፣ ቆሎ አለቀለት።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

እዚህ ላይ የሐበሻ እናት መሆናችን ይጎዳናል። በየሳምንቱ ሙልጭ አድርጎ ማጠብ፣ በሳሙና፣ በበረኪና፣ እንዲያውም ትንሽ ዕጣን። አይሆንም። ሃምስተር ቤቱን የሚያውቀው በራሱ ጠረን ነው፣ ሙልጭ ስታደርጊው በማያውቀው ሀገር ያሳደርሽው ያህል ይጨነቃል፣ አስሬ ሽታውን ለመመለስ ይሸናል፣ ሽታው እንደውም ይብሳል። የሸናበትን ጥግ ብቻ በየሁለት ሦስት ቀኑ በማንኪያ አንሺ፣ አሸዋውን አበጥሪ። ቤቱ ትልቅ ከሆነ፣ ጉዝጓዙ ጥልቅ ከሆነ፣ ከወራት በኋላ ግማሹን ብቻ ትቀይሪለታለሽ፣ ግማሹ አሮጌው ይቀራል። ዕጣኑን በሌላ ክፍል አጭሱ፣ ጭሱ አይስማማውም።

ከሃይፋ፦

ሻሎም ከሃይፋ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ጓደኛ ይገዛለት ወይ ላለችው እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህ እንስሳ ከኛ ሰፈር ብዙም ሩቅ ካልሆነ ቦታ ነው የመጣው። በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የሚባል የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ ሶሪያ ውስጥ ሐለብ አካባቢ ካለ የስንዴ ማሳ አንዲትን እናት ከ11 ግልገሎቿ ጋር አስቆፍሮ አወጣ። ብዙዎቹ አለቁ። በጣት የሚቆጠሩት ተርፈው ኢየሩሳሌም ላይ ተዋልደው በዙ፣ ዛሬ ቨርጂኒያም ፍራንክፈርትም ያሉት የሶሪያ ሃምስተሮች በአብዛኛው የነዚያ ዘር ናቸው። ዱር ያሉት ደግሞ አሁን በጣም አንሰዋል፣ ገበሬው እንደ ተባይ ነው የሚያያቸው። አቶ ይሁን እዚያ ቢሄዱ ደጋፊ ያገኛሉ።

በ2001 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች እዚያው ሐለብ አካባቢ ጉድጓዶቻቸውን ቆፍረው ለኩ። ጥልቀቱ ከ36 እስከ 106 ሴንቲ ነበር። እና በአንዱም ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ በላይ ትልቅ ሃምስተር አልተገኘም። ለብቻው መኖር ለሱ ብቸኝነት አይደለም፣ ኑሮው ነው። ሱቅ ውስጥ አብረው ተቃቅፈው የምታያቸው ግልገል ስለሆኑ ነው፣ ሁለት ወር አካባቢ ሲሞላቸው ድብድብ ይጀምራሉ። የነከሰውን ልጅሽ ትረሳዋለች፣ ሃምስተር ሃምስተርን ሲጎዳ ግን ካየች አትረሳውም።

ስቶክሆልም_ብርዱ፦

36 እስከ 106! በሉ እንግዲህ ሁለት ጣት ሰጋቱራ የምትበትኑ።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

ምግቡን ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር።

ሳህኑ ባዶ ሆነ ማለት ይርበዋል ማለት አይደለም። በልቶ አይደለም የጨረሰው፣ ሸሽጎታል። ጎጆው ውስጥ ወይም ጉዝጓዙ ስር ጎተራ አለው። ባዶ ባየሽ ቁጥር ከሞላሽ ጎተራው ይሞላል፣ እሱ ደግሞ የሚጣፍጠውን እየመረጠ ይወፍራል። ለሶሪያ ሃምስተር በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጥሬ ይበቃዋል፣ ማታ ማታ። በሳህን ከማድረግ ይልቅ ጉዝጓዙ ላይ በትኚው፣ ሲፈልግ ይውላል፣ ማለቴ ያድራል፣ ያ ነው ሥራው። ጎተራውን እንዳታፈርሺበት። እርጥብ ነገር የከተተ ከመሰለሽ ብቻ እሱን አንስተሽ ትንሽ ደረቅ ነገር ተክተሽ ዝጊው።

ድብልቁን ስትገዢ ቀይ አረንጓዴ ብስኩት የሞላበትን ተዪ። እህሉና ዘሩ እንዳለ የሚታይ፣ የደረቀ ትል ወይም ሌላ የሥጋ ዘር ያለበት ይሁን። አዎ ትል፣ አትሳቂ። ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ያን ከጠላሽው በሳምንት አንድ ሁለቴ የጥፍር ያህል የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጨው ያልነካው ዶሮ ስጪው።

ከኛ ቤት ምን ይበላል ላልሽው፤ ቆሎ ለቆሎ? 😂 ጨውና ዘይት ከሌለበት ጥቂት ፍሬ ገብስ ችግር የለም፣ ያልተቆላ ቢሆን ይሻላል። አጃ ደህና ነው። ተልባ ቁንጥር ብታደርጊለት ፀጉሩን ያሳምርለታል። የጤፍ ፍሬም ጉዝጓዙ ላይ ብትበትኚ ሲለቅም ያመሻል። የሱፍ ፍሬ ይወዳል፣ ግን ቅባት ስለሆነ በቀን አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ፣ እሱንም ከእጅ ለመስጠት አስቀምጪው። ጥሬ ጎመን፣ ካሮት፣ ኪያር፣ ብሮኮሊ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፣ ታጥቦ። ገና እንደመጣ ግን አትልክት አታብዢበት፣ ሆዱ ይላላል፣ በትንሽ በትንሹ አለማምጂው።

የማይሆነው፦ ወጥ የነካው ማንኛውም ነገር። ሽሮም ፍርፍርም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ጥሬ ድንች፣ ጥሬ ባቄላ፣ አቮካዶ፣ ቸኮሌት። ማርና የሚጣበቅ ነገር ጉንጩ ውስጥ ይቀርና ይቆስላል። እንጀራ አይገድለውም ግን ምን ያደርግለታል። እናትሽ ከመጣች በኋላ ግን ይሄን ፍሪጅ ላይ ለጥፊ፣ ምክንያቱም አይጥ ያለችው ሴትዮ በሳምንቷ «ምነው ከስቷል» ብላ ስታጎርሰው ነው የምታገኛት። የኔ እናት እንደዚያ ነበረች።

የእንስሳት_ሐኪም_ረዳት_ሲያትል፦

ትክክል። አንድ ነገር ብቻ፣ ሌላ ሰው ይህን አንብቦ ትንሹን ዘር፣ ድዋርፍ የሚባሉትን ያሳድግ ከሆነ፣ መጠኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፣ ፍራፍሬና ጣፋጭ ደግሞ ይቅርባቸው፣ አንዳንዶቹ በቀላሉ ስኳር ይይዛቸዋል። ውሃውን በተመለከተ ሰው ሁሉ በጡጦ ነው የሚሰጠው፣ እኔ ግን ትንሽ ከባድ ሳህንም ጨምሩ እላለሁ፤ የጡጦው ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ትጣበቅና ውሃ መውጣቱ ይቆማል፣ እናንተ ሙሉ ነው ብላችሁ ታያላችሁ። በየቀኑ በጣት ነክታችሁ ፈትሹ።

ፍራንክፈርቷ፦

እሺ አሁን ትልቁ ጥያቄ ቀረ። ልጄና ቆሎ እንዴት ይታረቁ?

ከሃይፋ፦

አዲሱ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ተዉት። ምንም። ውሃ፣ ምግብ፣ ዝምታ። ከአሮጌው ጉዝጓዝ እፍኝ ወስዳችሁ አዲሱ ላይ ጨምሩለት፣ የራሱ ሽታ ይኑርበት። በቀን ተኝቶ ማታ ወጥቶ ሳይፈራችሁ ሲዞር፣ ፊቱን ሲታጠብ፣ ፊታችሁ ቆሞ ሲበላ ካያችሁት ለምዷል። ያኔ ልጅሽ እጇን ታጥባ፣ ምክንያቱም እጇ ምግብ ምግብ ከሸተተ ጣቷን ምግብ ነው ብሎ ይቀምሳታል፣ መዳፏን ዘርግታ ወለሉ ላይ ታስቀምጥ። የሱፍ ፍሬውን መዳፏ ላይ። አትያዘው፣ አታሳድደው። እሱ ይምጣ። ከላይ የሚወርድ እጅ ለሱ ጭልፊት ነው፣ ሁልጊዜ ከጎን በዝግታ። ዛሬ አሽትቶ ይሮጣል፣ ሌላ ቀን ፍሬውን ነጥቆ ይሮጣል፣ ሌላ ቀን እዚያው ቁጭ ብሎ ይበላል።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

እኔ ደግሞ ደረቅ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው ያለማመድኳቸው። ቀዳዳውን ዘግተሽ፣ ፎጣ አንጥፈሽ፣ መደበቂያ ካርቶን አስቀምጠሽ፣ አንቺም ልጅሽም ካልሲ አድርጋችሁ ትገባላችሁ። እሱ እላያችሁ ላይ ይወጣል ይወርዳል። ማምለጫ የለም፣ መውደቂያም የለም።

የእንስሳት_ሐኪም_ረዳት_ሲያትል፦

ገንዳው ጥሩ ነው፣ ግን ከእጅ ምግብ መቀበል ከጀመረ በኋላ ይሁን። ሳይለምድ በእጅ አፍሶ ገንዳ ውስጥ መክተት ያስፈራዋል፣ መመለሻው ሲደርስ ደግሞ ማሳደድ ይመጣል። ለማጓጓዝ ኩባያ ወይም አንገቱ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ ውስጥ ራሱ እንዲገባ አድርጊ። እና ያቺን ግልጽ ኳስ፣ ውስጧ ተከቶ ቤቱን የሚንከባለልባት፣ እንዳትገዙ። አየር የላትም፣ የት እንደሚሄድ አያሸትም፣ ግድግዳ ይመታል፣ ጣቱ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል።

አቶ_ይሁን፦

እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ስንት ዓመት ይኖራል?

የእንስሳት_ሐኪም_ረዳት_ሲያትል፦

ሁለት ዓመት ገደማ ጋሼ፣ ዕድለኛው ሦስት ይደርሳል።

አቶ_ይሁን፦

ለሁለት ዓመት ይሄ ሁሉ ቤት። እሺ። የልጅ ልጄም ጠይቃኛለች፣ ለዚያ ነው።

ስቶክሆልም_ብርዱ፦

😂😂 ጋሼ ዲቶልፍ ካገኙ መጥቼ አጋድምልዎታለሁ።

ፍራንክፈርቷ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይባርክልኝ። አንድ ሰው ያገለገለ አኳሪየም፣ 120 በ50፣ ነጻ ውሰዱልኝ ብሎ ለጥፏል፣ ባለቤቴ ቅዳሜ ሊያመጣው ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለገና አዲስ አበባ መሄዳችን አይቀርም። ይዘነው መሄድ ይቻላል?

የእንስሳት_ሐኪም_ረዳት_ሲያትል፦

ይዛችሁት አትሂዱ። ብዙ አየር መንገድ አይቀበልም፣ ቢቀበልም ጉዞው ይጎዳዋል፣ ከዚያም መመለሻው አለ። ቤቱ እዚያው ይቆይ፣ ሰው ወደሱ ይምጣ። ጎረቤት ወይም ጓደኛ በየቀኑ ማታ ብቅ ብላ ውሃ ትቀይር፣ አንድ ማንኪያ ጥሬ ትበትን፣ መንቀሳቀሱን ትይ፣ በቃ። «ብዙ አድርገንለት ብንሄድ» እንዳትሉ፣ ውሃው ቢፈስ ወይም ቢታመም የሚያይ የለም። ምግቡን በየቀኑ ቀንሰሽ በትንንሽ ላስቲክ አስቀምጪላት፣ አለበለዚያ አዝና ትጨምርለታለች። ማሞቂያውን ጠቅላላ አጥፍታችሁ እንዳትወጡ፣ ታኅሣሥ ነው። የሐኪሙን ስልክ በር ላይ ለጥፊ፣ ለሕክምና የሚሆን ትንሽ ብርም ተዪላት፣ ከዚያም ቢታመም ሳታስፈቅድሽ መውሰድ እንደምትችል አስቀድመሽ ንገሪያት።